ዳማ ያልኩት ፓይተን

ማክሰኞ ጠዋት የታኒ ሄስተር ዓይን በራ። እኔም በዚያው ሰዓት ጡረታ ወጣሁ።

ዜናው የደረሰኝ ጀርሚስተን፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ የፕላስቲክ ባልዲ ስደረድር ነው። ስልኩን አነሳሁ። ሃሎ የለ፣ ደህና ነሽ የለ፤ «ሰሚራ፣ የኩሽናዬ ግድግዳ ነጭ ነው!» አሉኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤ የተቀባ ይመስለኝ ነበር እኮ! ነጭ ነው! በይ አሁን እባቦቼን ላይ ነው፣ አትያዢኝ፣ ሥራ አለብኝ» ብለው ዘጉት። የደወሉት ራሳቸው ናቸው። ባልዲውን ጥዬ ጮህኩ። አንዲት ደንበኛችን ከሳሙናው መደርደሪያ ዞር ብላ «ሃው ሲሲ፣ ሎቶ ወጣልሽ?» አለችኝ። ከሎቶ ይበልጣል አልኳት።

ታኒ በአፍሪካንስ አክስት ማለት ነው። ትልልቅ ሴቶችን በስማቸው ብቻ መጥራት ነውር ስለሆነ ሁላችንም እንደዚያ እንላቸዋለን። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ቀለም መሸጫ ውስጥ ቀለም ሲደባልቁ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ፓይተን የሚባለውን እባብ ማርባት ጀመሩ። ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣባቸው። ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው አሉ። ግን ሆስፒታሉ በኮቪድ ታማሚ ሞልቶ ስለነበር «የእርስዎ አስቸኳይ አይደለም» ተባሉና ቀጠሯቸው ተገፋ፣ ደግሞ ተገፋ። አስቸኳይ አይደለም! አርባ ዓመት ቀለም የደባለቀ ሰው ቡኒውን ከወይን ጠጁ መለየት ሲያቅተው።

እኔ የተቀጠርኩት በዚህ መሀል ነው። ሥራዬ የእሳቸው ዓይን መሆን ነበር፤ የፓይተኖቹን መልክ እያየሁ መናገር። አሁን ዓይናቸው በራ፣ ሥራዬ አለቀ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጡረታ የወጣች ሌላ ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ፣ ማኅበር እናቋቁማለን።

እናም እንደ ማንኛውም ጡረተኛ የሥራ ዘመኔን ልተርክላችሁ ነው። የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪያችን ያለፈውን ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብለው ካነበቡት ወዲህ ከመጻፍ የሚያስቆመኝ ጠፍቷል። ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ የእኔ የሥራ ዘመን አብዛኛው ቅናት ነው።

ሎክዳውኑ ላላ ብሎ ሱቃችን እንደገና ሲከፈት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ እኔ ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ተቀምጬ ለገቢው ሁሉ ሳኒታይዘር እረጫለሁ። አንድ ቀን አንዲት ቀጭን ነጭ አሮጊት ገብተው ክዳን ያላቸው ሠላሳ የፕላስቲክ ሳጥኖች ጠየቁ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ምን ያደርጉበታል?» አላቸው አባቴ።

«ልጆቼን ላስተኛበት።»

አባቴ ወደኔ ዞሮ በስልጥኛ «የሕፃናት ማቆያ ይሆናል» አለኝ።

አሮጊቷ አንዱን ክዳን አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩትና «ልጄ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉኝ። ሳላስበው በአማርኛ «ዳልቻ» አልኩ። ቤታችን የሚወራው ስልጥኛ ነው፤ አማርኛው የሱቅና የቅዳሜ ትምህርት ነው። ግን አባቴ በልጅነቱ ከብት ነጋዴ አጎቱን ተከትሎ ገበያ ለገበያ ሲዞር የለቀማቸው የመልክ ቃላት አሉት። ግራጫው ዳልቻ፣ ገርጣ ያለው ቡላ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡሬ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ። መኪና ሲያይ እንኳ «ያ ቡላ ቶዮታ» ነው የሚለው። ይህን ሳስረዳቸው አሮጊቷ «ዳልቻ፣ ዳልቻ» እያሉ ቃሉን እንደ ከረሜላ አላመጡት። ከዚያ «ሳጥኖቹን ቤቴ ድረስ የምታደርስልኝ እሷ ናት» አሉ።

ቤታቸው ከሱቃችን ሁለት መንገድ ወደ ኋላ ነው። የኋላውን ክፍል ከፈቱልኝ። ሮጥኩ። የግቢው በር ስደርስ ማስኬን እዚያው ጥዬ እንደመጣሁ ትዝ አለኝና ፖሊስ ፈርቼ ተመለስኩ። እንዲያ ነው ሥራ የጀመርኩት።

ያየኋቸው ቦል ፓይተኖች ናቸው፤ ሲፈሩ ጭንቅላታቸውን መሀል ከተው እንደ ኳስ የሚጠቀለሉ። መርዝ የላቸውም። አገራቸው ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ እንደኛው ከሩቅ የመጡ ናቸው ማለት ነው። እናቴ ለሁለት ወር የምታውቀው «ዓይነ ደካማ አሮጊት እንደምረዳ» ብቻ ነበር፤ ውሸት አይደለም። ስታውቅ «ዘንዶ! ልጄን ዘንዶ ቤት!» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። አባቴ «ፈጣሪ ነው የፈጠረው፣ ደግሞ አሮጊቷ ጥሩ ደንበኛ ናቸው» ብሎ አስታረቀን። ውሉ፦ እጄን እስከ ክርን ታጥቤ እገባለሁ፣ አንድም እባብ ስልኬ ላይ ለእናቴ አላሳይም። ደሞዜ የኪስ ገንዘብና ሲያስፈልግ የስልክ ዳታ ነበር።

የመጀመሪያው ምድቤ ውሃ መጠጫ ማጠብ ነው። ሁለተኛው የተገፈፈ ቆዳ መሰብሰብ። ሦስተኛው፣ ሥራ ብዬ የምኮራበት፣ ማየት።

ማየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ታኒ ሄስተር አምፑል ሥር ማየት አይፈቅዱም። ወደ ደቡብ የሚያየው መስኮት ጋ ነው የምንቆመው፤ በዚህ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የደቡቡ መስኮት ብርሃን ረጋ ያለ ነው። እባቡ ቆዳውን ከገፈፈ በሦስተኛው ቀን። ከጀርባው ግራጫ ካርቶን። በሁለት እባቦች መካከል ዓይኔን ካርቶኑ ላይ አሳርፋለሁ፣ የፊተኛው ቀለም ከዓይኔ እስኪወርድ። ከዚያ መጀመሪያ የሆዱን ጠርዝ፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ ቀጥሎ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን መጨረሻ።

«ለምን ጭንቅላቱ መጨረሻ?» አልኳቸው።

«ፊቱን ካየሽ ትወጂዋለሽ። ከወደድሽው ትዋሺለታለሽ።»

ደግሞ የንግድ ስም መጥራት አይፈቀድም። እያንዳንዱ መልክ የገበያ ስም አለው፤ ፓስቴል፣ ሲናሞን፣ ሙዝ፣ ብዙ ነው። ታኒ «የቀለም ቆርቆሮው ላይ የጀንበር መጥለቂያ ብለው የሚጽፉት ብርቱካን ነው፣ ራሴ ደባልቄዋለሁ» ይላሉ። «ስሙን ተዪና ያየሽውን በራስሽ ቃል ንገሪኝ።» ስለዚህ በካርዱ ላይ በእርሳስ የምጽፈው የአባቴን የከብት መልክ ነበር። ሦስት ጊዜ ቆዳ እስኪገፍ ድረስ ካርዱ በእርሳስ ይቆያል። ከሦስተኛው በኋላ የንግድ ስሙ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ በትልልቅ ፊደል፣ እሳቸው በማጉያ እንዲያነቡት። እስክሪብቶ የሚይዘው የታመነ ሰው ነው። እኔ ሰባት ወር ሙሉ እርሳስ ይዤ እስክሪብቶውን አየሁት።

ከዚያ ፌቨን መጣች።

ፌቨን ከታኒ ቤት ጋር በአጥር ግድግዳ የሚዋሰኑት ዶክተር ልጅ ናት፣ እኩያዬ። አባቷ የኮቪድ ክፍል ስለሚሠሩ ቤተሰቡን እንዳያስይዙ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚያድሩት፣ ልጃቸውንም በመስኮት ነበር የሚያዩዋት። ይህን የዛኔም አውቅ ነበር። ግን እኔ የሚታየኝ የጥርስ ብረቷ፣ የራሷ የእጅ ሌንስ፣ ያ የአዲስ አበባ አማርኛዋ ነው። ገና በገባች በአምስተኛው ደቂቃ «የስልጤ ልጅ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«በአነጋገርሽ። አይክፋሽ፣ ያምራል።»

ያምራል! ማን ጠየቀሽ?

ታኒ ሁለት ጫጩት የዛፍ ፓይተኖች ነበሯቸው። እነዚህ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጡ ዘር ናቸው፤ ሲያድጉ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ሲወለዱ ግን ቢጫ ናቸው። አንዱ የአሩ ደሴት ዘር ነው፣ አንዱ የቢያክ፤ ሻጩ ቀላቅሎ ልኳቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶን ነበር። ለእኔ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። በቃ። ፌቨን ሌንሷን አወጣች፣ ሁለት ደቂቃ አየችና «ይሄኛው የቢያክ ነው፣ አፍንጫው ሾል ብሎ ረዘም ይላል፣ ጅራቱም» አለች። ታኒ መዝገባቸውን በማጉያ ፈልገው የእናቶቹን ፎቶ አስተያዩ። ልክ ነበረች። እኔን በአነጋገሬ፣ እነሱን በአፍንጫቸው፤ ልጅቷ የሁሉንም አገር ታውቃለች!

«ዓይኔ ነሽ» አሏት ታኒ። በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፣ የሚያዩበት ዓይን ማለታቸው ነው። እኔ ግን የሰማሁት በአማርኛ ነው። እናት ልጇን እንደምትለው፣ ዓይኔ። ያን ቀን ራቅ ወዳለው ቤታችን ስሄድ የታክሲውን ወረፋ አልፌ በእግሬ ሄድኩ፤ ማስኬ ውስጥ አልቅሼ ስለነበር ሰው አጠገብ መቀመጥ አልፈለግሁም።

በሁለት ወሯ እስክሪብቶውን ሰጧት። እኔ በመስኮቱ አየሁ፣ በእርሳስ ጻፍኩ፤ እሷ የእኔን ቃል ወደ ንግድ ስም ገልብጣ በእስክሪብቶ ጻፈች። ጽሑፏ ደግሞ ያምራል። ስትስቅ ታኒም ይስቃሉ። የማጠቢያው ቧንቧ ጋ ቆሜ ሳዳምጥ ስንት መጠጫ ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ።

አሁን ወደሚከብደው።

ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው ሥራ ሲቆምበት ወንድ ፓይተኑን ለታኒ አመጣው። ወረቀት የለውም፣ የመልኩንም ስም አያውቅም። መስኮቱ ጋ አየሁት፤ ጠቆር ያለ፣ ውስጡ ቀይ ያለበት ቡኒ። አባቴ ዳማ ፈረስ የሚለው መልክ። በእርሳስ «ዳማ» ብዬ ጻፍኩ። የንግድ ስሙ ሲናሞን መሆኑን በልቤ አውቃለሁ። ታኒ አንዲት ሴት ሲናሞን አለቻቸው፤ ካርዷን ዓይናቸው ደህና ሳለ ራሳቸው የጻፉት። የክፍሉ የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሁለት ሲናሞን አይጣመሩም። ከሁለቱም መልኩን የወረሰ ጫጩት አከርካሪው ጠማማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ታኒ ለዚያች ሴት የሚፈልጉት ፓስቴል ነበር፣ ፈካ ያለ ወንድ፤ ከሁለቱ እንደ ብር ያለ ግራጫ ይወለዳል። «የሰሚራን ዳልቻ ነው የምፈልገው» ይሉ ነበር፣ ዓመት ሙሉ።

ወንዱ ሦስተኛ ቆዳውን ሲገፍ ብርዱ ገብቶ ነበር፣ ሐምሌ። በዚያ ሳምንት የፌቨን አባት ኮቪድ ያዛቸውና ቤተሰቡ ከቤት እንዳይወጣ ተደረገ። ፌቨን ካርዶቹን ቤቷ ሆና እየጻፈች በግድግዳው ላይ ታቀብለናለች። እኔ የእርሳሱን ካርድ ብቻ ፎቶ አንስቼ በዋትሳፕ እልክላታለሁ። እባቡን አላየችውም። እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦

«ዳማ ያልሽው ቀይ ዳማ ማለት ነው አይደል? ፈካ ያለው? ፓስቴል ልበለው?»

በእሷ ቤት ዳማ የሰው መልክ ነው፤ ቀይ ዳማ፣ ቀላ ፈካ ያለች ቆንጆ። በእኛ ቤት ዳማ ፈረስ ነው፣ ጠቆር ያለ። አንድ ቃል። ገባኝ። ወላሂ፣ ያኔውኑ ነው የገባኝ። «አይ፣ ጠቆር ያለው ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር።

አውራ ጣት ላክሁላት። ያቺን ቢጫ አውራ ጣት።

ሐሳቤ ትንሽ ነበር። ቅዳሜ ካርዱ በግድግዳው ላይ ሲመጣ በታኒ ፊት «ኧረ ፌቨን፣ ይሄማ ፓስቴል አይደለም» ልላት፣ ታኒም እስክሪብቶው ማን እጅ መሆን እንዳለበት እንዲያዩ። ቅዳሜ ግን አልደረሰም። በዚያ ሳምንት በየአካባቢው ሱቅ መዘረፍ ጀመረ። አባቴ የብረት በሩን ዘግቶ እኛን ከቤት አትውጡ አለን። ሱቃችን ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ፤ የጎረቤቶቻችን አልተረፈም። እኔ ወደ ታኒ ቤት የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የሴቷ ሲናሞን ሳጥን ላይ በፌቨን ጽሑፍ «ከፓስቴሉ ጋር» የሚል ካርድ ተለጥፏል። ታኒ እያንጎራጎሩ ነበር። «ዳልቻሽ እየመጣልሽ ነው» አሉኝ።

ዘግይቶብኝ ነበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልዘገየም ነበር። ያኔ ብናገር ቢያንስ ያውቁ ነበር። ግን መጀመሪያ «ለምን አውራ ጣት ላክሽ?» የሚለውን መመለስ ነበረብኝ፣ ያንን አልቻልኩም።

ስድስት እንቁላል። ሁለት ወር ማሞቂያው ውስጥ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና ፌቨን ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞላን ዙሪያውን ስንደረድር። እሷ ለእንቁላሎቹ በአማርኛ ታወራቸው ነበር፣ «አይዟችሁ፣ መብራቱ አሁን ይመጣል» እያለች። እኔ ጠርሙስ እሞላለሁ። አራቱ ሲወጡ ደህና ናቸው። አምስተኛው ሲወጣ ወገቡ ላይ እንደተጠመዘዘ ሽቦ ነው። ስድስተኛው አፉም አልገጠመም። አንዳቸውም ዳልቻ አይደሉም። ታኒ በጣታቸው ዳሰሱት። የማያዩ ሰው ጣት እንዴት እንደሚያይ ያን ቀን አየሁ፤ ከአንገቱ ጀምረው ሲወርዱ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ወንዱ ሲናሞን ነው» አሉ።

ፌቨን ማልቀስ ጀመረች። «ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉን አላወቅኩትም። እኔ ነኝ።»

አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጥታ ሁለቱን እንዳይሠቃዩ በመርፌ ለዘለዓለም አስተኛቻቸው። በትንሽ የአይብ መያዣ ነው የቀበርናቸው። ፌቨን ግድግዳው ማዶ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ተመልሳም አልመጣች። በሳምንቱ ታኒ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ።

በእሱ ስንት ካርድ እንደጻፍኩ አላስታውስም። እጄ ላይ ያለውን ቀለም ለማስለቀቅ ስፈትግ እናቴ «የዘንዶ ሽታ ነው?» ትለኛለች። እኔ ግን መሆን የፈለግሁትን ሆኜ፣ አሁን ደግሞ በሌለችው ልጅ እቀና ነበር። እንዴት? ያለ ጥፋቷ አልቅሳለች፣ አመኗት፣ ታኒም ስሟን በጠሩ ቁጥር ድምፃቸው ይለሰልሳል። እኔ ጥፋተኛዋ ስሜ የሚጠራው «ሰሚራ፣ ቁጥር አሥራ አንድን እዪልኝ» ለማለት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ የታኒ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ድንገት ደረሰ። ሕሊናዬ አስጨንቆኝ ተናዘዝኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ፣ ፈራሁ። ዓይናቸው ሲበራ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ወንድ ነው። ያዩታል። እንዲህ ያለ ቡኒ ካርዱ ላይ ፓስቴል ሲባል እኔ ሳላየው አልፌው ሊሆን እንደማይችል በአንድ እይታ ያውቃሉ። ስለዚህ ቀድሜ ተናገርኩ፣ በረንዳው ላይ፣ የቀጠሯቸው ዋዜማ። አውራ ጣቷን ጭምር።

መጀመሪያ ያሉት ይሄን ነው፦ «እንዲህ ያለ ሌላ ካርድ አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ? አርባ አንድ ሳጥን ነው ያለኝ።»

«አንድ ብቻ ነው ታኒ።»

«ሁሉንም እንደገና እናያቸዋለን።» ተነሡ፣ የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው። «ደግሞ እኔ ጋ ምን ታደርጊያለሽ? ልጅቷ ያለችው ግድግዳው ማዶ ነው።»

በሩን የከፈቱልኝ አባቷ ናቸው። ፌቨን ወጣች፤ ጥርሷ ላይ ብረቱ የለም፣ ተነቅሏል፣ ይሄን እንኳ አላወቅሁም። ቆሜ ነገርኳት። ስጨርስ ስልኳን አወጣች፣ ወደ ላይ ስትገፋ፣ ስትገፋ ቆየችና አሳየችኝ። አውራ ጣቷ እዚያው አለች።

«ይሄ ውሸት ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ቃሉን ስላላወቅኩ ነው ብዬ... ሦስት ወር ሙሉ አባቴን የመልክ ቃል ስጠይቀው ነበር፣ ሁለተኛ እንዳልሳሳት። ደብተር አለኝ። ደብተር ሞልቻለሁ፣ ሰሚራ!»

«ይቅርታ።»

«ሂጂልኝ።»

ሄድኩ። ይኸው ነው፤ የሚያምር ነገር አልተፈጠረም።

ማክሰኞ ያ ስልክ ሲመጣ እንደዚያ የጮህኩት ለታኒ ደስ ብሎኝ ነው፣ ከልቤ። ከሱቅ በቀጥታ ሮጥኩ። ታኒ የፀሐይ መነጽር አድርገው መስኮቱ ጋ ቆመዋል፣ ያን ወንድ ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው። «ቆንጆ ነው እኮ» ይላሉ። «ቀዩን ተመልከቺ። እንዴት ያለ ቀይ ነው!» ዓይናቸው ውስጥ በገባው አዲስ ሌንስ ቀናሁ፤ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ለአንድ ደቂቃ በሌንሱ ቀናሁ። ሁለት ዓመት ያየሁላቸውን በአንድ ጠዋት አዩት።

ፌቨን ከኋላዬ ቆማለች። እሷንም ጠርተዋታል። አላየችኝም፤ እባቡን ነው ያየችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ይሄ ነው ዳማ?» አለች።

«አባቴ እንደሚለው።»

«የእኔ አባት ቢያየው ጠይም ነው የሚለው። እናቴ ደግሞ ሌላ ትላለች።»

«ጠይም ለእባብ?»

«ታዲያ ፈረስ ለእባብ?»

ታኒ ከእኛ አማርኛ ምንም ሳይገባቸው ሳቁ። ከዚያ አስተርጉመው ሰሙና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብርዱ ሳይገባ፣ ማጣመር ሳይጀመር፣ አርባ አንዱም ካርድ እንደገና መጻፍ አለበት። እሳቸው ዓይን አላቸው አሁን፤ የጎደላቸው ቃሉ ነው። «አንድ ቃል ሁለት ጫጩት ገድሎብኛል» አሉ። «ሁለተኛ በአንድ ቤት ቃል አልጽፍም። የእናንተን ሰዎች አምጡልኝ። እያንዳንዱ ያየውን በአገሩ ቃል ይንገረኝ፣ ሁሉንም ካርዱ ላይ እጽፋለሁ።»

«የእኛ ሰዎች እባብ ቤት አይመጡም ታኒ» አልኳቸው።

«የሚፈሩት በመስኮት ያያሉ። መስኮቱ ትልቅ ነው።»

ፌቨን ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ወደኔ ሳትዞር «ሰው የምትጠሪው አንቺ ነሽ አይደል? ለቅዳሜ ትምህርት ቤታችን መጽሔት ጻፊዋ» አለችኝ። «ጥፋቱ የማን እንደነበር ካልጻፍሽበት ግን እኔ አልመጣም። ሁሉም ሰው የዶክተሩ ልጅ እባብ ገደለች ነው የሚለው።»

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የምትመጡት እሑድ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ ረጋ ሲል። ቤቱን የማያውቅ አባቴ ሱቅ ይጠይቅ። ማስክ ያላችሁ ያዙ፣ ታኒ አሁንም ይጠነቀቃሉ። የስልጤ፣ የሀዲያ፣ የጉራጌ፣ የወሎ፣ የጎጃም፣ የአዲስ አበባ ሰው ኑ፤ አባቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ ከብት የነገዱትን። መጀመሪያ ያ ወንድ ፓይተን መስኮቱ ጋ ይወጣላችኋል፣ መልኩን በቤታችሁ ቃል ትናገራላችሁ፣ ብትጣሉበትም ይጻፋል። ቃሉን በደብተር የምትመዘግበው ፌቨን ናት። ስታገኟት በደንብ ሰላም በሏት። ያን ካርድ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሰሚራ፤ እሷ ጠይቃኝ ነበር።